የረጅሟ አባት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ዝናብ በጣለ ቁጥር ወገብዎ እንደሚነሳብዎ ስለማውቅ ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ነው። እማዬስ? ዓይኗን ተሻላት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ትንሿ እህቴም ከእኔ ጋር ናት፤ ደህና ናት። የእሷን ነገር ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ አያት ወይ እያሉ በስልክ ደጋግመው ጠይቀውኛል። በስልክ መመለስ አቃተኝ። ድምፅዎን ስሰማ እሺ ማለት ይቀናኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ያስታውሱ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንገቴን ደፍቼ ነው። ሰፈር ውስጥ «እላይ ቤት ንፋሱ እንዴት ነው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ስላደግሁ ቁመቴ የወንጀል ያህል ያሳፍረኝ ነበር። አሰልጣኙ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ አየኝና «ቀና በይ» አለኝ። ከዚያ በፊት ቀና በይ ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ ያዘዘኝን ሁሉ አደረግሁ። ዓመት ሳይሞላ ሪንጉ ሥር ከእጄ ኳስ የሚነጥቅ ጠፋ። ቀጥሎ አምበል ሆንኩ። ሌሎች ቡድኖች ሁለት ሁለት ሰው ይመድቡብኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ በመሀላቸው ሾልኬ ስነሳ አዳራሹ ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማኛል።

እርስዎም መምጣት ጀመሩ። ዕድሜዎን ሙሉ የሰው መጋዘን በር ላይ ቆመው «ዘበኛ» ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ እዚህ ሲመጡ ወንበር የሚለቅልዎ ተገኘ። «የረጅሟ አባት መጡ» ይላሉ፣ መንገድ ይከፍታሉ። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ሲጨብጥዎ ከሜዳ ላይ አየሁ፤ እጁን በሁለት እጅዎ ይዘው ቶሎ አለቀቁትም። አልዋሽዎትም፣ ያስቆጠርኩትን ሁሉ ረስቼ ያን ቀን የተደሰትኩት በዚያ ነው።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዘልዬ ሳርፍ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሆስፒታል ተወስጄ በመሣሪያ ታየሁ፤ ውጤቱ በማግስቱ ይደርሳል አሉን። እኔ መራመድ ስላቃተኝ ውጤቱን ለመስማት የሄዳችሁት እርስዎና አሰልጣኙ ናችሁ። ሲመለሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና «ጅማቱ ትንሽ ተስቦ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፤ ዶክተሩ ትጫወት ብሏል» አሉኝ። ጉልበቴን ዳስሰው ግንባሬን ደጋግመው ሳሙኝ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ለፍጻሜው ማደንዘዣ ወጉኝ። መርፌው ሕመሙን አስተኛው፣ ጉዳቱን ግን አላስተኛውም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷን ይዤ ተነሳሁ፤ ስወርድ እግሬ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። ኳሷ ገብታ ስለነበር እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ስጮህ ሰው ያጨበጭብ ነበር። ዋንጫው ሲነሳ እኔ ቃሬዛ ላይ ነኝ። አባባ ብዬ ዞር ስል፣ ፎቶ ለመነሳት አሰልጣኙ ጎን ቆመዋል። ኮትዎን ያስተካክሉ ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። እኔ ምሳሩንም አላየሁት፤ ዞር ብሎ ያየኝም የለም። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። ስፌቱ ሳይደርቅ ማሊያዬን ለሌላ ልጅ ሰጧት። ዛሬ እዚያው ሬጅስትራር ውስጥ የተማሪ ውጤት አትማለሁ። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን እንደ ሕፃን ሁለቱን እግሬን በአንዱ ላይ እያሳረፍኩ ነው የምወጣው። አሰልጣኙ እንግዳ ሲኖረው በቢሮዬ በር ብቅ ይልና «ያቺ ማለት ይቺ ናት» ይላል። እንግዳው ከወገቤ በታች ያያል።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንዳልሠራ ሲነገረኝ፣ ያኔ ትንሽ ነው ብላችሁኝ አልነበር ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅሁት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ማን ነው ትንሽ ያለሽ? ከተጫወተች ዳግመኛ አትሮጥም ብዬ ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ እኮ። አሰልጣኙ እንኳ ዝም ብሎ ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያሉኝ አባትሽ ናቸው።»

ይህን ከሰማሁ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቤት መጥቼ ጉንጭዎን ስሜያለሁ፤ ስንት ጊዜ «ልጄን ክፉ ዓይን በላት» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከእኔ ጋር አብሮኝ ይቀበር ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ትንሿን አዲስ ጫማ ገዝተውላት፣ ለአሰልጣኙ አሳዪያት ብለው ላኩልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኙ ሳይመጣ ወደ አዳራሹ ወሰድኳት። አባባ፣ ልጅቷ ኳሱን አታየውም። ኳሱ ራሱ እጇን ፈልጎ የሚመጣ ነው የሚመስለው። በዚህ ዕድሜዋ ከእኔ ትረዝማለች፤ እኔ በሁለት ዓመት የተማርኩትን እሷ ማንም ሳያስተምራት ይዛዋለች። ለጥቂት ጊዜ እግሬን ረሳሁት።

ከዚያ የቡድኑን ልጆች ጠርቼ ዳር ዳር አስቀመጥኳቸው። ያገባችውን ሁሉ የዕድል ነው አልኩ። ስትስት ሳቅሁ፤ እኔ ስስቅ እነሱም ሳቁ። ቁመት እንደሆነ የመብራት ምሰሶም አለው አልኳት። እጅሽ ለባልዲ እንጂ ለኳስ አልተፈጠረም አልኳት። እንደገና፣ እንደገና እያልኩ አስወረወርኳት፤ እንባዋ ሪንጉን ሲጋርድባት አንድም አልገባላት አለ። ያን ጊዜ ነው አሰልጣኙ የገባው። ፊቷን አየና ወደ እኔ ዞረ። አትረባም አልኩት። ኳስ እንደማውቅ ስለሚያውቅ አልጠየቀኝም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌሎቹ ሄደ።

ማታ እራት አቀረብኩላት። ሳህኑን እያየች «ቀንተሽብኝ ነው አይደል?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ፎቶው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ስለነገሩኝ ቃል። ግን ወደ ቤት የምትመለሰው እርስዎ ዘንድ ነው፤ ያለ አባት ማስቀረቱን አንጀቴ አልቻለም። «አዎ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቅልል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ እስካሁን ራሴን እየፈራሁ ነው የማስበው።

ነገ ጠዋት አውቶቡስ ላይ አሳፍራታለሁ። ስትደርስ ምን ሆንሽ ብለው አያስጨንቋት፤ አትነግርዎትም። ሌላ አሰልጣኝም አይፈልጉላት፤ ኳስ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ደስ ይበልዎ፣ አሁንም እንደ ድሮዋ ትወድዎታለች። እህት ብቻ ነው ያጣችው።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ይህንን ደብዳቤ ግን አያንብቡላት። ዕድሜዎን ያርዝመው። ማታ ማታ ጥሩ እንቅልፍ ይስጥዎ።

ትልቋ ልጅዎ