የኪሴን ኮምፒውተር ያልጣልሁበት ምክንያት

ለተወደድህ ወንድሜ ለአንሙት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የሆድህ ሕመም ጋብ አለልህ ወይ? እህል ይወርድልሃል? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ ስትገላበጥ ታነጋለህ? ሚስትህ ጥሩአየሁስ እንዴት ናት? አንተን ስታስታምም የራሷን ጤና እንዳትረሳ አደራ በልልኝ። ልጅህ ውቤ፣ ሚስቱ፣ ሕፃናቱ ሁሉ እንዴት ከረሙ? እኔ እህትህ ትርንጎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል እንጂ ገና አልከዳኝም። እናንተ ዘንድ በጋ ነው፤ እዚህ እስራኤል ግን ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፤ የሕንፃችን መግቢያ በጭቃ ጫማ ተበላሽቶ አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልሁ ራሴ አጠብሁት።

ከእናንተ ዘንድ የመጣ መንገደኛ ያመጣልኝን ደብዳቤህን ተቀብዬ ደጋግሜ አነበብሁት። ሐኪሙ ለየካቲት መጨረሻ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እንደሰጠህ ጽፈሃል። ከዚያ በፊት ፊቴን በስልክ ማየት እንደምትፈልግ፣ ውቤም ስልኩን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ፣ እኔ ግን በጄ እንዳላልሁ ጽፈሃል። በመጨረሻም «ከእኔ ከወንድምሽ ፊት ያ የሞተ ዕቃ በልጦብሽ ነውን?» ብለሃል። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ዛሬ እመልስልሃለሁ። መልሱ አጭር አይደለምና ውቤ ሲያነብልህ ይታገሥ፤ እየዘለለም እንዳያነብ ንገረው፤ አውቀዋለሁ።

«የሞተ ዕቃ» ያልሃት የኪሴ ኮምፒውተር ናት። አላየሃትምና እንዴት ያለች እንደሆነች ልንገርህ። የመዳፍ ያህል ናት፤ መስታወቷ ግራጫ ነው፤ በጎኗ ቀለም የሌላት ቀጭን ብዕር ተሰክታባታለች፤ በዚያች ብዕር መስታወቱ ላይ ይጻፋል። የተሰጠችኝ ክሊኒክ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ሳለሁ ነው። አዛውንቶቻችን ሕመማቸውን በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ ለሐኪሙ በዕብራይስጥ እነግረዋለሁ፤ ሐኪሙ የሚያዘውን መድኃኒትና የሚመለሱበትን ቀን በእርሷ ላይ እመዘግባለሁ። ጡረታ ስወጣ ጊዜዋ አልፎ ስለ ነበር የሚፈልጋት ጠፋና «ውሰጃት» አሉኝ። የሠራት ፋብሪካ እንዲህ ያለውን መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የመድኃኒቴን ሰዓት፣ ከገበያ የምገዛውን፣ የጾሙንና የበዓሉን ቀን፣ በመንገድ የሰማሁትን አዲስ የዕብራይስጥ ቃል የማስቀምጠው በእርሷ ላይ ነው።

የጽሕፈት መምህራችንን ታስታውሳቸዋለህ? አንዲት ፊደል ከመስመር ወርዳ ሲያዩ ቃል ሳይናገሩ ገጹን ቀደው እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩን ነበር። አንተ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እጽፍ ነበር። ይህችም ማሽን እንደ እርሳቸው ናት። እያንዳንዱን ፊደል ከሚጀመርበት ጀምሬ በሥርዓቱ ካልጨረስሁት አትቀበለኝም። የልጆቼ ስልክ ግን ገና አንድ ፊደል ሲነኩለት የቀረውን እርሱ ይጨርስላቸዋል፤ ያላሰቡትን ቃል ያጎርሳቸዋል፤ እነርሱም ሳያዩት ይልኩታል። እኔ ያላልሁትን የሚልልኝ ዕቃ አልወድም።

እንዲህ ያለሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መስታወቷ ደበዘዘብኝና ሰዓትና ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወደ ኤፍራይም ወሰድኋት። ኤፍራይም መሐል ከተማው ላይ ጠባብ ሱቅ ያለው ሽማግሌ ነው። ልጄ ያርደን «እማ፣ አትሂጂ፣ ይስቅብሻል» ብላኝ ነበር። አልሳቀም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለኝና «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለ፤ እኔን መስሎኝ ልቆጣ ስል ለካ ማሽኗን ነው። ብሎኖቿን ፈትቶ ከፈታት፤ ከሌላ ከተበላሸች ማሽን ያወጣውን መስታወት ገጠመላት። ሰዎች እንዲህ ያለችውን የማይጥሏት ለዚህ ነው አለኝ፤ በመፍቻ ተከፍታ ትድናለች፤ የአሁኖቹ ግን በማጣበቂያ ታሽገው ስለሚመጡ ሲታመሙ መጣል ነው እንጂ ማከም የለም። ባትሪዋም ቢሆን ከየትም ሱቅ የሚገዛ ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ አንዴ ካስገባሁላት ሳምንታት ትቆይልኛለች።

እዚያው ሱቅ እንደ እኔ ያሉ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ አቪሓይ ይባላል። ካርሜ ጋት በሚባለው የከተማችን አዲስ ሰፈር ከፎቆቹ በአንዱ ይኖራል፤ የሚሠራው በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ ፋብሪካ ነው። እርሱ በሚሠራበት ክፍል ካሜራ ያለው ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ እንደ እኔዋ ላለች ማሽን ፈቃድ አውጥቶላት እርሷን ይዞ ይገባል፤ ካሜራ የላትም፤ ከውጭ ሰውም ጋር አትነጋገርም። የበሩ ጠባቂ ባየው ቁጥር «ከየትኛው ሙዚየም ሰረቅሃት?» እያለ ያፌዝበታል አሉ። ቤቱ ሌሎች አምስት ስላስቀመጠም ሚስቱ «ቤቱን የተከራየኸው ለእነርሱ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ» ትለዋለች። ሌላዋ ኔታ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ናት። «ስንት ሰዓት እንደሆነ ልይ ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ፤ ሌላ ሌላውን ስመለከት እቆይና ስዘጋው ሰዓቱን አላውቀውም። ይህችን ስጠይቃት ግን ሰዓቱን ነግራኝ ዝም ትላለች» አለችኝ። ይህን ንግግሯን ወደድሁላት።

የነገሩኝን ሁሉ እንዳለ አልተቀበልሁም። ወጣትነታቸውን ስለምታስታውሳቸው ብቻ የሚይዟት አሉ፤ ሰው አየልኝ ለማለት ከኪስ የሚያወጧትም አይጠፉም። አቪሓይን «ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ትጽፍባቸዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው አቀርቅሮ ሳቀ። ነገር ግን ሳዳምጣቸው ቆይቼ ሦስታችንም በአንድ ነገር እንደምንስማማ ተረዳሁ። ማሽኗ እኛ ያስቀመጥንባትን ትሰጠናለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ከደጅ ምንም ነገር ይዛ አትገባም። የእኔም ምክንያት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በግልጽ አልነገርሁህም።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ሙሉሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከሥራ በአውቶቡስ ስትመለስ ስልኳ ጮኸና ከፈተችው። የእናቷ ፎቶግራፍ ነው፤ አጠገቡ የበራ ሻማ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ የአክስቷ ልጅ ከአዲስ አበባ «ነፍሷን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጽፏል። የእናቷን መርዶ የሰማችው እንዲህ ነው። ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ክንዷን የሚይዛት ሰው ሳይኖር፣ የአውቶቡሱን ብረት ይዛ እንደቆመች። የማታውቃቸው ሰዎች ውኃ ሰጧት። ያን ቀን ማታ አቅፌያት ሳለሁ፣ እንዲህ ያለው ስልክ ቤቴ አይገባም ብዬ በልቤ ወሰንሁ። ለልጆቼ ግን ይህን አልነገርኋቸውም፤ የነገርኋቸው ስለ ፊደሉና ስለ ባትሪው ነው።

አሁን የሆነውን ስማ። ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ያርደንና ወንድሟ ኦሪ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አባ ገብረማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው በትራቸውን ይዘዋል። አባ ገብረማርያም በአካባቢያችን ለዕርቅም ለሐዘንም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። «ግቡ» አልኋቸው፤ ገብተው ተቀመጡ። ኦሪ እኔን ማየት ፈራ፤ ያርደን መሬት መሬቱን ታያለች። አባ ገብረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ትርንጎ ልጄ፣ እንግዲህ በማለዳ የመጣነው» ሲሉ የቀረውን አልሰማሁም። መታመምህን አውቃለሁ። ልጆች ተሰብስበው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ በማለዳ በር የሚያንኳኩት ለምን እንደሆነም አንተ ታውቀዋለህ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ «ወንድሜን! አንሙቴን!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

ሙሉሽ ጩኸቴን ሰምታ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፤ ማን ሞተ ብላ እንኳ ሳትጠይቅ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ሌሎችም ሴቶች ተከተሏት። አንዲቱ ስለ ደግነትህና ስለ ቁመናህ ሙሾ ታወርድ ጀመር፤ አይታህ አታውቅም። ኦሪ በመካከላችን ቆሞ «እማ፣ አልሞተም! አጎቴ አለ!» እያለ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። በመጨረሻ አባ ገብረማርያም በትራቸውን ወለሉ ላይ መትተው «ዝም በሉ! የሞተ የለም! ያመጣነው ስልክ ነው!» አሉ። ለካስ ልጆቼ የእነርሱን ቃል እንቢ ስላልሁ ሽማግሌ ይዘው፣ ከሥራ በፊት ለመድረስ ማልደው፣ አዲስ ስልክ ሊሰጡኝ ነው የመጡት። ሙሾ አውራጇ እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ ቀድማችሁ አትናገሩም? ጉሮሮዬን በከንቱ ጨረስሁት» አለች። ሙሉሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እኔ እንደገና ማልቀስ ጀመርሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ያርደን አጠገቤ ተቀመጠች። «እማ፣ አጎቴ ሊያይሽ ነው የፈለገው፤ ከሕክምናው በኋላ እንዴት እንደሚሆን ማንም አያውቅም» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስለ ሙሉሽ የአውቶቡስ ነገር ያን ጊዜ ነገርኋቸው። አባ ገብረማርያም እስክጨርስ ሰሙኝና «ልጄ፣ ሐዘን በስልክ ብቻ የሚመጣ መስሎሽ ከሆነ፣ ይኸው ዛሬ ያለ ስልክ እንዴት እንዳለቀስሽ አየሽ» አሉኝ።

ወንድሜ፣ ማሽኔ ከአንተ አልበለጠችብኝም። ከስተህ እንዳላይህ ፈርቼ ነው። በልቤ ያለኸው፣ ከጎንደር በተነሣሁበት ቀን ያን ከባድ ሻንጣዬን በአንድ እጅህ አንሥተህ አውቶቡስ ጣራ ላይ የወረወርኸው ጎልማሳ ነህ። ያን አንሙት እንዳይደበዝዝብኝ ስል ዛሬ አልጋ ላይ ያለኸውን አንተን ፊቴን ከለከልሁህ። ያስቀመጡባትን ብቻ ይዛ መቆየት ለማሽን መልካም ጠባይ ነው፤ በእህት ላይ ሲሆን ግን ጭካኔ መሆኑን አሁን ተረዳሁ።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። የኪሴ ኮምፒውተር ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ መድኃኒቴንና ገበያዬን ትይዛለች፤ ስትታመምም ኤፍራይም አለላት። ስልኩንም ተቀብያለሁ። ያርደን ሰው ሁሉ የሚጮኽበትን፣ በስልኩ የሚመጣውን የዘመድ ወሬ ዘግታልኛለች፤ ክፍት የሆነው ለእናንተ ቤት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። እግዚአብሔር ያርቀው እንጂ ክፉ ነገር ቢመጣ ውቤ በእኔ ስልክ ላይ እንዳይጽፈው። ለያርደን ይንገራት፤ እርሷ ሰው ሰብስባ በሬን ታንኳኳለች፤ እኔም እከፍታለሁ። የእኔ ቀን ቢቀድም ደግሞ ለአንተ ሳይሆን ለውቤ እንዲነግሩት ልጆቼን አዝዣቸዋለሁ፤ እርሱም የሚገባውን ያደርጋል። ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ልቤ ቀለለኝ።

ለጥሩአየሁ ስለ ድካሟ ምስጋናዬን ከሰላምታ ጋር አድርስልኝ። የውቤንና የባለቤቱን፣ የሕፃናቱንም አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ያርደንና ኦሪ «አጎታችን ይማርልን» ይላሉ። አባ ገብረማርያም ይመርቁሃል። ሙሉሽም ሰላም ብላሃለች፤ ሳታውቅህ ያን ያህል አልቅሳልሃለችና እንደ ዘመድ ቁጠራት። ሙሾ ያወረደችው ሴትዮ ደግሞ መዳንህን ስትሰማ ደስ እንደሚላት፣ የግጥሙን ግን አንዲት ቃል እንደማትመልስ ነግራኛለች።

ደብዳቤው ሲደርስህ ውቤ ለያርደን ይደውልላት፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው አርብ ጠዋት፣ የሰንበት መሰናዶዬን ሳልጀምር፣ እደውልልሃለሁ። ጢምህን አትላጭ፤ ኮትም አትልበስ፤ እንዳለህ ልይህ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ጥርሴም ሁሉ የራሴ አይደለም፤ ስታየኝ እንዳትደነግጥ።

አንተን ሳታስብ የማትውል እህትህ
ትርንጎ

ቂርያት ጋት፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.