የአያ ፈንቴ ቦርሳ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ለትውልድ ይታወቅ ዘንድ፦ ዛሬ እራቴን በሽሮ በላሁ። ምክንያቱ ከባድ ነው። የባለቤቴ አጎት አያ ፈንቴ ከጠዳ ከተማ ሥጋ በቦርሳ ደብቀው፣ የከብት በሽታ መቆጣጠሪያ ኬላውን አልፈው ከች አሉ።

«ምነው የቄራ ማኅተም የለውም?» አልኳቸው።

«ማኅተም ይጠበሳል እንዴ? ሸጋ በሬ ነበር። ለሀጩን ሲያዝረበርብና ሲያነክስ ጊዜ ሳይሞት ቀደምነው።»

አገር የሚፈራው የአፍና የእግር በሽታ በቦርሳ ቤቴ ገባ! ያለችን አንዲት ላም፣ እሷም እርጉዝ። ሥጋውን ነጥቄ ቀበርኩት፤ አያ ፈንቴ አኩርፈው ሄዱ። ላሟ ጋ የደረሰ ነገር የለም። ቢሆንም በየደቂቃው እየወጣሁ አፏን አያለሁ።

ማረሚያ፦ «ላሟ ጋ የደረሰ ነገር የለም» ተብሎ ከላይ የተገለጸው በስሕተት ነው። ባለቤቴ ሥጋውን ቀድማ አጥባው ኖሯል። እጣቢውን የደፋችው ለላሟ በባልዲ በተቀመጠው አተላ ላይ ነው። ባልዲው ተልሷል።