የኒሙ ዛፍና የዓይሻ በረንዳ

ከሚሴ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሙህዲን፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ልዋሽህ አልፈለግሁም። ጤናዬስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዓይሻም ልጅህ ኢልሃምም ጤና ናቸው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ተቆጣ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ረጀብ ነው። ረመዳንን እዚያ ሊጾም ሰኞ ይነሳል። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ፤ የስልኩን ነገር አንተው ታውቀዋለህ። ዓርብ ዓርብ ትደውላለህ፤ አሥር ደቂቃ ለእኔ፣ አሥር ደቂቃ ለዓይሻ። ከእኔ አሥር ደቂቃ ላይም ግማሹ «ዓይሻስ? ልጅቱስ? እየተስማማችሁ ነው?» ሲባል ያልቃል። ሻሽ ስትልክ ሁለት አንድ ዓይነት፣ ሽቶ ስትልክ ሁለት አንድ ዓይነት። ሁለት ሚስት ያለው ሰው እኩል ማድረግ ግዴታው እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ግን የእኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመትና የእሷ አምስት ዓመት እኩል ናቸው ወይ? ይህን ስል ቀናች በለኝ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ለእኔና ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የመጣው ከመንገዱ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ዋናው መንገዳችን እንዴት እንደሞተ ነግሬሃለሁ። ደሴ የሚሄደውም ከደሴ የሚመለሰውም አውቶብስ አቧራውን አልብሶን ያልፋል እንጂ የሚቆም ጠፋ። ከእኛ ማዶ ሦስት ሱቅ ተዘጋ። ሰኔ ላይ ታዲያ የመንገድ ዳር ነጋዴ ሁሉ ለስብሰባ ተጠራ። ሙሀመድኑር የሚባል የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ፣ ገና ወጣት ነው፣ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳን። ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ በድንጋይ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ይሠራል፤ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ በየመሀሉ መቀመጫ። ሰው ጥላ ካገኘ ይቆማል፣ ሲቆም ሱቃችሁን ያያል አለን። እኔ ሳቅሁ። ከሚሴ ላይ ለመንሸራሸር ማን ጊዜ አለው ብዬ ለጎረቤቶቼ አሾፍኩ።

አሁን ግን እውነቱን ልመስክር፤ አምሮበታል። በእኛ በኩል ገና ነው እንጂ ከመናኸሪያው ጀምሮ ግማሹ አልቋል። እያንዳንዱ ቤት አራት አራት ችግኝ ተረክቦ በእሾህ አጥሮ ይጠብቃል። ከዓስር ሶላት በኋላ ሴቱ ልጁን ይዞ ይወጣል። ባጃጆች ሳይቀሩ ጥግ ይዘው ቆመው ያያሉ። አንተ ብታየው ከሚሴ ነው ብለህ አታምንም።

ሙሀመድኑር በሲባጎ እየለካ እኛ ደጅ ሲደርስ ሲባጎው ኒማችን ላይ ቆመ። ያን ጥላው ሰፊ የሆነውን ኒም፣ በተጋባን ዓመት በእጅህ የተከልከውን። እኔ ሽርጥ የምሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት በረንዳ የለኝም፤ ኒሙ ነው በረንዳዬ። ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሱት ሁሉ ከሥሩ አረፍ ብለው ነው ሽርጥ የሚገዙኝ። ሙሀመድኑር እኔንና ዓይሻን ጠርቶ፣ «ዛፉ ከተቆረጠ መንገዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዛፉ ይቆይ ከተባለ ግን መንገዱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና የዓይሻ ሻይ ቤት በረንዳ ይፈርሳል። አንድ ቤተሰብ ናችሁ፤ ተመካክራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ንገሩኝ» አለን።

ያን ዓርብ በስልክ ጠየቅሁህ፤ ታስታውሳለህ። ኒሙ ወይስ በረንዳው? አልኩህ። አንተ ግን «ሁለታችሁም ለእኔ አንድ ናችሁ፣ ተስማሙ» አልክ። ሙህዲን፣ እኔ ፍርድ አልፈለግሁም ነበር። ያንን ዛፍ ማንም እንዳይነካብኝ ብለህ አንድ ጊዜ እንድትጮህልኝ ነበር የፈለግሁት። ልጅ አልሰጠሁህም። በእኔና በአንተ መካከል በቅሎ ያደገ ነገር ቢኖር ያ ዛፍ ነው። ይህን ሳልነግርህ ይገባሃል ብዬ ነበር።

ባለፈው ሰኞ እህቴ ኡሚ ወልዳ ልጠይቃት ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። ረቡዕ ከሰዓት ስመለስ የዓይሻ በረንዳ የለም። ወንድሟን ከሰንበቴ አስጠርታ ቆርቆሮውን አስነቅላ፣ ምሰሶውን አስነቅላ፣ መሬቱን ጠርጋ ጨርሳለች። አግዳሚዎቿን ወደ ውስጥ አስገብታ ሰው እዚያ ሙቀት ውስጥ ላቡን እየጠረገ ሻይ ይጠጣል። «እትዬ ረቢአ፣ አካም ኦልተን» አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ ስትል። ምንድን ነው ይሄ? ስላት፣ «ዛፍሽ ይቆይ ብዬ ነው። ለሙሀመድኑር ነግሬዋለሁ፣ አብሽሪ» አለችኝና ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች።

አልሐምዱሊላህ ማለት ነበረብኝ። ዛፌ ተረፈ አይደል? ወላሂ እንዲያ አልተሰማኝም። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። «እንዲህ ያለች ጣውንት የት ይገኛል? እንጀራዋን ለዛፍሽ ብላ አፈረሰች እኮ» ይሉኛል። የሚሉኝ ደግሞ የት ተቀምጠው መሰለህ? በእኔው ኒም ሥር! ከእንግዲህ ከዚያ ዛፍ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር ዓይሻ የሰጠችኝ ጥላ ነው ሊባል ነው። አንተም ዓርብ ስትደውል ትሰማለህ፣ ትወድላታለህ፣ እዚያ በርሃ ላይ ሆነህ ስሟን እያነሳህ ለጓደኞችህ ታወራለህ። ቅናት ብዙ ዓይነት አይቻለሁ። በመልኳ ቀንቻለሁ፣ በልጇ ቀንቻለሁ። በደግነቷ የቀናሁትን ያህል ግን ቀንቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እንጨት ቆራጩን እንድሪስን ጠራሁት። መጥረቢያውን ይዞ ዛፉን ዞረው፣ ዞረውና «ረቢአ፣ ይሄ የሙህዲን ዛፍ አይደል እንዴ? እሱ ያውቃል?» አለኝ።

«ያውቃል። ቁረጡት ያለው እሱ ነው» አልኩት።

«ወላሂ በይ።»

ወላሂ ማለቱን ፈራሁ። «የባሌን ቃል ልትጠራጠር ነው እንዴ? ካልፈለግህ ሌላ ሰው እጠራለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። እስከ ቀትር ድረስ አልወደቀም። ሲወድቅ መንገዱን ሁሉ ዘጋው፤ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ቆሞ ነበር። ሽታው እስካሁን ቤቱ ውስጥ አለ።

ሙሀመድኑር እየሮጠ መጣ። «ምን ሆናችሁ? ዛፉ ይቆያል ተብሎ ትናንት ፕላኑን አስተካክዬ!» አለ። ከዚያ ሲባጎውን አየና፣ «እንግዲህ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ በረንዳውም በከንቱ ፈረሰ ማለት ነው» አለ። ሰው ሁሉ ዓይሻን አየ። ጀበናዋን እንደያዘች ደጇ ላይ ቆማለች። ወደ እኔ ቀረበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ረቢአ፣ እውነት እሱ ነው ያዘዘው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ጀበናዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ገባች።

ትናንት ስትደውል ዓይሻ ስልኩን አልነካችም። «ዛሬ የእኔንም አንቺ አውሪው» ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። አንተ የት ናት አልክ፤ ልጅቱን እያጠበች ነው አልኩህ። እንዲህ ሆኖ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ለብቻዬ አገኘሁህ። ለዚያ ስንት ዓመት ዱዓ አድርጌ ነበር! ደርሶ ሳገኘው ግን ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ኡሚ ሕፃን ሳወራህ ቆየሁ። ልትዘጋ ስትል «ኒሙስ?» አልከኝ። አለ አልኩህ።

የለም፣ ሙህዲን። ቆረጥኩት። በአንተ ስም ዋሽቼ ነው ያስቆረጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ዓይሻ ልብስ ስታጣጥፍ አገኘኋት። የልጅቱን ጫማ ሁሉ በኩርቱ ፌስታል አስራለች። ወደ ሰንበቴ፣ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ነው። ለማንም አላማችኝም። ብታማኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ተናግሬ ልመልሳት ወይስ ዝም ብዬ ቤቱን ለብቻዬ ላድርገው ብዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እስከ ዙህር ሶላት ድረስ አስቤበታለሁ። ከዚያ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። እዚህ ድረስ ጽፌ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩት። ለአንተ በወረቀት ነግሬ እሷን ዝም ብል ያው ውሸት ነው ብዬ ተነሳሁ።

አሁን ተመልሼ ነው የምጽፈው።

ነገርኳት። በሩ ላይ ቆሜ፣ እሱ አላዘዘም፣ አያውቅምም፣ እኔ ነኝ አልኳት። «ማል ጄቴ? ምን አልሽ?» አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። የያዘችውን የልጅቱን ቀሚስ ፊቴ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ጓዟ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ ግን አልተቃቀፍንም፣ እንዲያ አይምሰልህ።

«ለምንድን ነው በረንዳሽን ያፈረስሽልኝ? ማን ለምኖሽ?» አልኳት።

«አንቺን ወድጄ መስሎሻል?» አለችኝ። «እሱ በደወለ ቁጥር ኒሙ እንዴት ነው፣ ረቢአ ከሥሩ ትቀመጣለች ወይ፣ እግሯን ያማታል ወይ፣ ሲመሽ ደጅ አታስቀምጫት ነው የሚለኝ። አሥር ደቂቃዬን የምትበዪው አንቺ ነሽ! ዛፉ በእኔ በረንዳ ምክንያት ቢቆረጥ ዓይኔን አያየውም ብዬ ነው ያፈረስኩት። አንድ ቀን እንኳ ስለ እኔ ቢጠይቅ ብዬ።»

ሙህዲን፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እኔን ስለ እሷ ትጠይቃለህ፣ እሷን ስለ እኔ ትጠይቃለህ። ለእኔ የሚሆነው ቃል ሁሉ አምስት ዓመት ሙሉ በእሷ ጆሮ ሲፈስ ኖሯል። እግሬን እንደሚያመኝ ካሰብክ ለእኔ ምን አለበት ብትለኝ? ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቃሉን ከእኔ በፊት እሷ ስለሰማችው መልሶ ቅጥል አልኩ። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ?

ጓዝሽን ፍቺ፣ ስለ አላህ ብለሽ አትሂጂ አልኳት። ዓይኗን ጠረገችና ምን አለች መሰለህ? «የምሄደው እኮ በረንዳዬን በከንቱ ያስቀረብኝ እሱ ነው፣ ንቆኛል ብዬ ነበር። ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽማ የትም አልሄድም! ቤቱን ጥዬልሽ ልሂድ? ወላሂ አላደርገውም!» ልብሱን እያወጣች ሳጥኑ ውስጥ ትወረውረው ጀመር። እያንዳንዱን ስትወረውር ታየኛለች። ይቅርታ አላደረገችልኝም። ግን ቀርታለች።

የኒሙን ግንድ ለማንም አልሸጥም። ሳንቃ አስወጥቼበት በረንዳዋን በፊት ከነበረው አስፍቼ አሠራላታለሁ፤ መንገዱ ቀጥ ስላለ ሙሀመድኑር ችግር የለውም ብሏል። ይህን ስነግራት «እሺ፣ ግን አንቺ ከእኔ በረንዳ ላይ አትቀመጪም» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ ደጅ የሚተከለው ችግኝ ጥላ እስኪሆን ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሽርጥ እሸጣለሁ። ገዢው ግን ወደ እሷ ጥላ ሲሄድ አይቼ ዝም የምል አይመስለኝም፤ ከወዲሁ እወቀው።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን አንብበህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ዓርብ ስትደውል ግን እንደ ልማድህ «ሁለታችሁም» እንዳትል። ዓይሻ ያጠፋችው ነገር የለም። እሷን ስለራሷ ጠይቃት፤ በረንዳሽን እንዴት ጨከንሽበት ብለህ ጠይቃት፣ ታልቅስልህ። እኔን ግን አሥሩን ደቂቃ ሙሉ ተቆጣኝ። ተሳደብ፣ ጩህ፣ የተከልኩትን ዛፍ በል፣ ስሜን ጥራ። ስለ እሷም ስለ ማንም አትጠይቀኝ። ከአንተ ለእኔ ብቻ የሚሆን ነገር አግኝቼ አላውቅም፤ ቁጣህ እንኳ የእኔ ብቻ ይሁን።

አላህ ጾሙን በጤና ያስጀምርህ፣ ላብህን በረካ ያድርግልህ፣ የናፈቀህን ደጅ በዓይንህ ያሳይህ።

የመጀመሪያዋ ሚስትህ፣
ረቢአ