ቆመን ስለከፈልነው የጉዞ ሂሳብ፦ ለ«ዕረፍት ውሃ» የካራቫን ማቆሚያ ባለቤት

ለክቡር አቶ ዓብዩ አሳምነው
የ«ዕረፍት ውሃ» የካራቫን ማቆሚያ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ በጀፕስታውን የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ፣ የጉባኤያችን ሽማግሌ
ጆሃንስበርግ

ነሐሴ 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የሰውነትዎ ሙቀት ከሠላሳ ስድስት ተኩል አይለፍ፣ የወጥ ሽታ ከአፍንጫዎ አይጥፋ፣ የጭምብልዎ ክርም ጆሮዎን አይቁረጥዎ። የእኛን ሁኔታ ለማወቅ ቢፈልጉ ደኅና ነን፤ ለዚህም ክፍያ ሳንጠየቅ ስምንት ቀን በመቆየታችን በመገረም ላይ እንገኛለን። ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። በግል የላክሁልዎ አራት የዋትሳፕ መልእክቶች ሁለት ሁለት ሰማያዊ ምልክት ካገኙ በኋላ ሌላ ምንም ስላላገኙ ነው።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ግን እኔ ሀቢሶ ከሆሳዕና መጥቼ ዘጠኝ ዓመት በጆሃንስበርግ አጠገብ በቶኮዛ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ የያዝሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር የቤቱ ባለቤት ሱቁን ለልጃቸው ፈለጉት። እኔና ባለቤቴ ፀገነት ዕቃችንን ሸጠን በገንዘቡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና የውሃ ታንከር በሆዱ የያዘ፣ በዕድሜው ፀገነትን በሁለት ዓመት የሚበልጥ አሮጌ የመኝታ መኪና ገዛን። ሐሳባችን ከከተማ ከተማ እየዞርን ብርድ ልብስ መሸጥ፣ በዚያው መኪና ማደርና የቤት ኪራይ የሚባለውን ነገር መርሳት ነበር። ፀገነት በደብተር አስልታው በቀን መቶ ራንድ ይበቃናል ብላ ነበር፤ አርባ ለናፍጣ፣ ሠላሳ ለምግብ፣ አሥር ለጋዝ፣ ሃያ ለክፉ ቀን። ክፉ ቀን በሃያ ራንድ የሚመለስ መስሎን ነበር።

መጋቢት ላይ ከእርስዎ መጋዘን ብርድ ልብስ ጭነን ስንወጣ አገር ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሄድ ሲከለከል፣ እርስዎ ትከሻዬን በክርንዎ ነካ አድርገው «ወንድሜ ሀቢሶ፣ ግቢዬ ግቢህ ነው፤ ሦስት ሳምንት ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። አለፈም፤ አምስት ወር ሆኖ። ፀገነት ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለዚያ ግብዣዎ ያለኝን ምስጋና እንደ ደረሰኝዎ ሥርዓት በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። ግቢዎ «ዕረፍት ውሃ» ይባላል፤ ዕረፍቱ እስካሁን አልደረሰንም፤ ውሃው ግን በጀሪካን አምስት ራንድ እየተቆጠረ ያለማቋረጥ ደርሶናል። በቀን አራት ጀሪካን እንጠቀም ነበር። ፀገነት ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ብዙ ውሃ መጠጣት እንዳለባት ክሊኒክ ነግረዋት ስለነበር፣ የሐኪምን ምክር ወደ ገቢ ለመለወጥ ያሳዩት ፍጥነት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

2ኛ. ስለ ቀሪው መስተንግዶ። ለቦታው ሰባ፣ ለመብራት ሠላሳ አምስት፣ ለአምስት ደቂቃ ሻወር በሰው አሥር፣ የመጸዳጃውን ታንከር ለማፍሰስ አሥራ አምስት፣ በር ላይ በሳኒታይዘር እጅ ለማጽዳት ደግሞ በአንድ ጭመቃ አንድ ራንድ፤ ዳቦ ለመግዛት ወጥቼ ስገባ፣ ፀገነትም ነፋስ ልትቀበል ወጥታ ስትገባ፣ ያም በቀን ስድስት ይደርሳል። እጃችሁን ታጠቡ የሚለው የመንግሥት መመሪያ እርስዎ በር ላይ ሲደርስ ኪሳችሁን ታጠቡ ተብሎ እንደተተረጎመ የተረዳነው በኋላ ነው። ከውሃው ጋር ሲደመር መቶ ስድሳ ስድስት ራንድ ይመጣል፤ ምግብ የለበትም፣ ናፍጣም የለበትም። ብዙ ሰው ለጉዞ ሲከፍል ቢያንስ ሌላ ቦታ ይደርሳል። እኛ ግን ጎማችን በአንድ ጎኑ እስኪጠፈጠፍ ቆመን፣ ስንጓዝ ልናወጣ ካሰብነው በላይ ከፍለን፣ አንድ ሜትር ሳንሄድ ተጓዦች ተብለናል።

3ኛ. ስለ በሩ። ይህኛው ይረዝማልና ታግሠው ያንብቡልኝ።

ሰኔ ላይ ብርድ ልብሱን ለግቢው ሰው ሸጬ ጨርሼ እጄ ባዶ ስለነበር የታንከር ማፍሰሻውን የአሥራ አራት ቀን ክፍያ አሳደርሁ። ሁለት መቶ አሥር ራንድ ነው። ሐምሌ 9 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፀገነትን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ደወልን፤ በወረርሽኙ ምክንያት ጥሪው ስለበዛ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደማይደርስ ነገሩን። ክሊኒኩ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ቦታ ቁጥር ሰባት ላይ የሚኖሩትን፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ጎጎ ታንዴካን ጠራሁ። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ገቡና ከፀገነት አጠገብ ተቀመጡ። ጎረቤት ገፍቶልን ሞተሩ ተነሣ። በሩ ጋ ደርሼ በሩን የሚከፍተውን ካርዴን ሳስጠጋ ቀይ መብራት በራ፤ አግዳሚው ብረት ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ነው የደወልሁልዎ። የተባባልነውን እርስዎ ረስተውት እንደሆነ እነሆ፦

«ጋሽ ዓብዩ፣ ፀገነትን ምጥ ይዟታል፤ በሩ እምቢ አለን!»

«እኔ አልዘጋሁትም፤ ኮምፒውተሩ ነው የዘጋው። ሁለት መቶ አሥር ራንድ ቀሪ አለብህ ይላል። ስታስገባ ራሱ ይከፍታል።»

«አሁን ባስገባ እንኳ ባንኩ ነገ ነው የሚያሳየው። ስለ እግዚአብሔር ይክፈቱልኝ፣ ማታ ተበድሬ አመጣለሁ።»

«ሥርዓት ነው ወንድሜ። ለአንተ ከከፈትሁ ለሁሉም ልከፍት ነው እኮ!»

በር ለሁሉም መከፈቱ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከኋላዬ ፀገነት ጥርሷን ነክሳ «ሀቢሶ፣ ለምን ቆምን?» አለችኝ። በምን አፌ የመጸዳጃ ሂሳብ ነው ልበላት? «መንገዱ ተጨናንቆ ነው» አልኋት። በዚያ በወረርሽኝ ወራት፣ ውሻ እንኳ በማያልፍበት መንገድ!

ዘበኛዎ ሲፎ አጠገቤ ቆሞ ንግግራችንን አማርኛ ሳያውቅ ተረድቶታል። ወደ ጎጆው ገብቶ መፍቻ ይዞ ወጣ። «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለኝ፣ «ብሎን ግን አውቃለሁ።» አራት ብሎን ፈትቶ አግዳሚውን ብረት በትከሻው ተሸክሞ ሣር ላይ አጋደመውና «ሀምባ፣ ሂድ! ሂድ!» ብሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታው።

አርባ ሜትር ያህል እንደሄድን ጎጎ ታንዴካ ከኋላ «ቁም!» ብለው ጮኹ። መንገድ ዳር ቆምሁ። ያ የጆሃንስበርግ የክረምት ደረቅ ብርድ አለ፤ እኔ ግን በላብ ርሼ ነበር። መሪውን እንደያዝሁ ወደ ኋላ ለመዞር ድፍረት አጣሁ። የምሰማው የፀገነትን ትንፋሽና የጎጎን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሳቸው በዙሉ «ግፊ» ሲሏት እሷ በሃዲይኛ እናቷን ትጠራለች። ከዚያ ሌላ ሦስተኛ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ። ሴት ልጅ ነበረች። ፊቤ ብለናታል። የተጠቀለለችው ከእርስዎ መጋዘን በሙሉ ዋጋ ገዝቼ ለራሳችን ባስቀረሁት ብርድ ልብስ ነው፤ ስለ ጥራቱ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ በእውነት ይሞቃል። ክሊኒክ ስንደርስ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው ተባልን። እኔ ግን ከነርሶቹ ፊት ግድግዳ ተደግፌ አለቀስሁ፤ ጭምብሉም ረጠበ።

4ኛ. ስለ ደረሰኙ። በሦስተኛው ቀን ወደ ግቢው ስንመለስ የጠበቀን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የበር ጥገና 1,850 ራንድ፤ ከዚያ በታች «ተጨማሪ ሰው፣ አንድ፣ በቀን 25 ራንድ»። ክቡር ሆይ፣ ይህች ተጨማሪ ሰው ሻወር አትገባም፣ በር ላይ እጅ አታጸዳም፣ መብራት ቢጠፋባትም ባይጠፋባትም ግድ የላትም። ቢሆንም አመሰግናለሁ። እርስዎ እንደሚያውቁት እኛ በዚህ አገር ወረቀት ለማግኘት ዓመታት እንሰለፋለን፤ የልጄ የልደት ወረቀት ቢሮዎች በመዘጋታቸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሰው መሆኗን በጽሑፍ ያረጋገጡላት የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት። ፀገነት ወረቀቱን አንብባ ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቷን አመማት። ይህንንም በሂሳቡ ላይ አላየሁትም፤ ረስተውት ይሆናል።

5ኛ. ስለ ሲፎ። እዚህ ላይ የምስጋና ቃል አጠረኝ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አራት ዓመት በርዎን የጠበቀውን ሰው እኛ ከክሊኒክ በተመለስን ማግሥት አባረሩት፤ የወር ደመወዙንም ለብረቱ ጥገና ያዙበት። ብረቱ አልተሰበረም ነበር፤ ተፈትቶ ነበር። አራቱን ብሎን በጃኬቱ ኪስ ቋጥሮ አስቀምጦልዎ እንደነበር የማውቀው፣ ሲያስረክብዎ አይቼ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ ይልቅ ያፈርሁት በዚህ ነው፤ እኔ ልጅ ሳገኝ እሱ እንጀራውን አጣ።

ጎጎ ታንዴካ ግን እንደ እኔ ማፈር ብቻ አላደረጉም። በዘጠኙም መኪና በር እየዞሩ አንኳኩ፤ የሲፎ ደመወዝ እስኪከፈል ማንም የቦታ ኪራይ እንዳይከፍል አሳመኑ። እርስዎ መጥተው መብራት ሲያጠፉብን ሻማ አበራን፤ ውሃ ሲዘጉብን የማዶዋ ገበሬ በነፃ ቀዳችልን። በስድስተኛው ቀን ደመወዙን ከፈሉት። ሥራውን ግን አልመለሱለትም፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ኮምፒውተር እንደገዙ ሰማን።

ነሐሴ ላይ መንገዱ ሲከፈት ወጣን። ሁለት መቶ አሥሯ ራንድ የእኔ ዕዳ ናትና ቆጥሬ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ በእጄ አለ። ለብረቱም ለፊቤም ግን አልከፈልሁም፣ አልከፍልምም። ሲፎ አሁን ከእኛ ጋር ነው፤ መኪናውን እሱ ይነዳል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። በዙሉ ሲያሟሙቀው ብርድ ልብሱ ከእኔ ሁለት እጥፍ ይሸጣል። የቀን ወጪያችን ናፍጣና ዳይፐር ጨምሮ መቶ ሃያ ገደማ ነው፤ ፀገነት ደብተሩን ዘግታ ትስቃለች። ለጊዜው ክሊፕታውን አንዲት መበለት በግቢያቸው አቁመን እንድናድር ፈቅደውልናል። ስንት እንደምንከፍል ስጠይቃቸው ጥያቄው አልገባቸውም።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከመዝገብዎ የልጄን ሂሳብ ይፋቁልኝ፣ ለሲፎም አራት ዓመት በታማኝነት ያገለገለ ሰው ነው የሚል ወረቀት ይጻፉለት። ለሁለቱም የሚያስፈልገው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ግቢዎ አይጉደል፣ አግዳሚዎ ይጥበቅ፣ የኮምፒውተርዎ ዕድሜ ይርዘም እያልሁ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከተከፈለ ደረሰኝ ጋር እሰናበታለሁ።

ሀቢሶ
የቦታ ቁጥር ዘጠኝ የቀድሞ ተጓዥ፣ የአንዲት ተጨማሪ ሰው አባት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው እሑድ በዙም ጉባኤያችን ላይ ተነሥተው «አንዲት ምጥ የያዛት እኅት በሬ ላይ ደርሳ በገዛ እጄ ከፈትሁላት» ብለው ምስክርነት ሲሰጡ፣ ሰው ሁሉ አሜን ሲል፣ እኛም በስልካችን እናይ ነበር። ፀገነት ለመጠየቅ እጅ የማንሻዋን ምልክት ስትነካ መስመሩ ተቋረጠባት። ምናልባት አሁንም ኮምፒውተሩ ይሆናል። ጥያቄዋ ግን አጭር ስለሆነች በደብዳቤው ጥግ ጻፍልኝ ብላኛለች፦ «ጋሽ ዓብዩ፣ የትኛው እጅዎ ነበር?»