ስም ስምንት፣ መስመር ሰባት

ሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ስምንት የውሃ ጉድጓድ፣ ስምንት ጠርሙስ፣ ስምንት ቁጥር። መለኪያው ማሽን ቁጥሮቹን ራሱ ወደ ኮምፒውተሬ ይልካል፤ እኔ አንድ ቁልፍ እነካለሁ፤ ፕሮግራሙ ግራፍ ላይ ስምንት መስመር ይስላል። ቀለሙንም በተራ የሚያድለው እሱ ነው። ለአንደኛዋ ሰማያዊ፣ ለሦስተኛዋ ቀይ፣ ለሰባተኛዋ ቢጫ... ጣልቃ ገብቼ አላውቅም። ምን አገባኝ?

ሰባት ቁጥር አሁንም ወደ ላይ። የጨው መጠኗ ከተፈቀደው ካለፈ አምስተኛ ወሯ። ነጭ መደብ ዓይኔን ስለሚያመኝ ስክሪኔን ጥቁር አድርጌዋለሁ፤ እዚያ ላይ ቢጫዋ ከሁሉም በላይ ታበራለች። ዕውር እንኳ ያያታል። አትሜ ላክሁ። ስብሰባ የሚገቡት ትልልቆቹ ናቸው፤ እኔን የሚጠራኝ የለም።

ወይዘሮ ድንጋይ ዛሬም አይተው ዝም። (ሥራ አስኪያጇን እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው እንዲህ የምጠራቸው። ደብተሬ ሆይ፣ አደራ!)

ረቡዕ፣ ጥር 15

ጋሽ ጠርሙስ ናሙናቸውን ይዘው መጡ። ሠላሳ ዓመት ከየጉድጓዱ ውሃ ሲቀዱ፣ ጠርሙስ ሲሸከሙ ስማቸውም ጠርሙስ ሆኖ ቀረ። ስልክ ሲያነሱ እንኳ «አቤት፣ ጠርሙስ ነኝ» ነው የሚሉት።

የሚኖሩት ሰባት ቁጥር ሰፈር ነው። ሚስታቸው የደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪሙ ጨው ተዪ ብሏቸዋል።

«ምግቡን ያለ ጨው ትሠራዋለች። ውሃው ይጨምርላታል» አሉኝ እየሳቁ። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም።

«ለሥራ አስኪያጇ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። ግራፉን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላብጠው አዩና... 'እዚህ እኮ ምንም የለም' አሉኝ። የሰፈሬ ነገር ስለሆነ ያዳላሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። እንግዲህ የኔ ሥራ ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ነው።»

ምንም የለም! ዓይናቸው እያየ! ሰው እንዲህ ይጨክናል?

አንጀቴን በሉት። ጠርሙሶቻቸውን ከወትሮው አሳምሬ አጥቤ መለስኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ...

ሐሙስ፣ ጥር 23

አንድ የጨው ማጣሪያ ተገዝቷል። አንድ ብቻ። ለየትኛው ጉድጓድ እንደሚተከል ማክሰኞ ይወሰናል። ጸሐፊዋ ወሬውን ቀድማ ይዛዋለች፦ «ለሦስት ቁጥር ነው። ቀይዋ ናት እኮ የምታስፈራው።»

ሦስት ቁጥር? ገና ከተፈቀደው በታች ያለችው? ቀይ ስለሆነች?

ሄጄ ልናገር? ኮንትራቴ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም አልኩ። ራሴን ግን አልወደድኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 25



እማዬ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የቢሮ አሮጌ ወረቀት አመጣላታለሁ፤ እያጣበቀች የእጅጌና የአንገት ልክ ታወጣበታለች። የዚህ ሰፈር ሴት ቀሚስ ሁሉ በእኔ ግራፍ ነው የተቆረጠው። ዛሬ መቀሱን እንደያዘች ቆም አለች።

«ይሄ ጥጉ ላይ የተጻፈው ምንድነው?»

«የጉድጓዶቹ ስም። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር አለው።»

በመቀሱ ጫፍ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ስም ስምንት፣ መስመር ሰባት። አንዱን ማን በላው?»

«አለች እኮ እማዬ፣ ይቺ ከሁሉም በላይ...» ጣቴን ሰደድኩ። ምን ላይ እንደማሳርፈው ጠፋኝ። ባዶ ወረቀት ነው።

መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። አዘነበልኩት። አለች... ከነጩ ጋር አንድ የሆነች ፈዛዛ ቢጫ፣ እንዳለች ለሚያውቅ ብቻ የምትታይ።

እማዬ ከትከሻዬ በላይ አየች። «ነጭ ጨርቅ ላይ እንዲህ ያለ ክር የማስገባው ስፌቱ እንዳይታይብኝ ስፈልግ ነው» አለች። «አንቺ ምን ልትደብቂ ነው?»



እሑድ፣ ጥር 26

የእማዬን የልክ ሳጥን ገለበጥኩት። የሃያ ወር ግራፍ፤ ግማሹ እጅጌ፣ ግማሹ ኮሌታ ሆኗል። በአንዱም ላይ ሰባት ቁጥር አትታይም። ፕሮግራሙ ሲያትም መደቡን ወደ ነጭ ይቀይራል፤ መስመሮቹን ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። እኔ ጥቁር ላይ አየሁ፣ እነሱ ነጭ ላይ።

«እዚህ እኮ ምንም የለም።» እውነታቸውን ነበር። የሰጠኋቸው ወረቀት ላይ ምንም አልነበረም!

ለካ ድንጋይዋ እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ቀኑን ሙሉ ስስል ዋልኩ። መጀመሪያ ሰባትን ወፍራም ጥቁር፣ የቀሩትን ቀጫጭን ግራጫ አደረግኳቸው። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደስታዬ ጠፋ። ይሄ ምኑ ተሻለ? ፕሮግራሙ ሳያውቅ ያደረገውን እኔ አውቄ ልድገመው? የሦስት ቁጥርንም ውሃ ሰው ነው የሚጠጣው።

አጠፋሁት። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እኩል ውፍረት። አንዷ ሙሉ መስመር፣ አንዷ ቁርጥርጥ፣ አንዷ ነጠብጣብ፣ አንዷ ጥቃቅን ክብ ያላት... ስማቸውን ከጥጉ አንስቼ በየመስመራቸው ጫፍ ጻፍኩት። የተፈቀደውን መጠን በአግድም አሰመርኩ። አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና እስከ በሩ ወደ ኋላ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስታልፍ ያዝኳት።

«ስንት መስመር ይታይሻል? ሌላውን አግድሙን ተይው።»

«ስምንት። ምነው፣ ደህና ነሽ?»

ጸሐፊዋን ለምኜ ስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ አስያዝኩ። ምን ብዬ ልጀምር? ዓይኔን በጨው ታጥቤ «የፕሮግራሙ ጥፋት ነው» ልበል? ፕሮግራሙ ቀለም ሰጠ። ያተመውን ሳላይ ሃያ ወር የላክሁት እኔ ነኝ። ኮንትራቱም... እንግዲህ የመጣው ይምጣ።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ገባሁ። አዲሱ ግራፍ ግድግዳው ላይ በራ። ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይቺ ከላይ ያለችው መቼ ተጨመረች?»

«አልተጨመረችም። ከመጀመሪያው ነበረች።»

ሁሉም ዞሮ እኔን። ነገርኳቸው። ጥቁሩን ስክሪን፣ ቢጫውን፣ ነጩን ወረቀት፣ የእማዬን መቀስ ሳይቀር። ሥራ አስኪያጇ ተነሥተው ከመደርደሪያው ያለፈውን ወር ግራፍ አወጡ። መስኮቱ ጋ ሄዱ። እንደኔው አዘነበሉት።

«ፈርሜበታለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ለምንድነው መጥተሽ ያልነገርሽኝ?»

«አይተው ዝም ያሉ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ የሚያሠጋ ነገር ቢኖር ትነግሪኝ ነበር ብዬ።»

እኔም እሳቸውም መሬት መሬት አየን።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ማጣሪያው ለሰባት ቁጥር። ሦስት ቁጥር በየሳምንቱ ትታያለች፤ ሌላ ማጣሪያ ሲገኝ ቀዳሚዋ እሷ ናት። ስንወጣ ሥራ አስኪያጇ አስቆሙኝ።

«የጠርሙስን ስልክ ታውቂዋለሽ?»

ሰጠኋቸው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ደወሉ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልክ ነበርክ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ይህችን ሴት ነው አምስት ወር ድንጋይ ስል የኖርኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ኮንትራቴ ታደሰ። እማዬ «እኔንስ መቼ ነው የሚቀጥሩኝ?» ትላለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ማጣሪያው ከተተከለ ስድስተኛ ሳምንቱ። ሰባት ቁጥር ባለፈው ሳምንት ከተፈቀደው መጠን በታች ወርዳለች፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያም በታች። ስክሪኔን ነጭ ካደረግኩት ቆየሁ። ዓይኔን ትንሽ ያመኛል፤ ይመመው። ግራፉን አሁን በሰው አልልክም። ይዤ ሥራ አስኪያጇ ጋ እገባና «ምን ይታይዎታል?» እላለሁ። ቆጥረው ይነግሩኛል፤ ስምንት ካልሞላ አንነሣም።

ከሰዓት ጋሽ ጠርሙስ መጡ። ስምንቱን ናሙና ደረደሩ። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው ዘጠነኛ ጠርሙስ አወጡ። ምንም አልተጻፈበትም። እስክሪብቶ አነሣሁ።

«የየት ብዬ ልመዝግበው?»

«አትመዝግቢው። የቤቴ ነው፣ ሚስቴ ናት የላከችልሽ። ጠጪው።»

ጠጣሁ። ፊት ፊቴን ያያሉ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ዛሬስ ሳቁ ሳቅ ነበር። ጠርሙሱን ተቀብለው የቀረውን ራሳቸው ጨለጡት።