መምህር ኢሳይያስ ጩማ፦ የጀልባዋ ብየዳ እንቅልፍ የነሳቸው ሰው

መምህር ኢሳይያስ ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ቦልቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማርታ ደግፌ በ1954 ዓ.ም. በቤሌ አካባቢ ተወለዱ። በቤሌና በሶዶ ተምረው በብረታ ብረት ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በሶዶ ከተማ ብየዳ ሲያስተምሩና ሲሠሩ ኖረዋል። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሽታዬ ሶርሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፍሬዘርንና ትዕዛዝን አፍርተዋል። የሚያስፈራቸው የወ/ሮ ሽታዬ ግልምጫ ብቻ እንደሆነ በቀልድ ይናገሩ ነበር።

በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ውሃ ይዞ ሐይቅ ከሆነ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ከቤሌ በታች ከማዶ ወዳለው ዳውሮ ሰው የምታሻግር የአልሙኒየም ጀልባ በየዱ። ስትመረቅ አልሙኒየም አይዝግም ብለው በጉባኤው ፊት ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። በ2013 ዓ.ም. ለእድሳት ቀለሙን ሲፍቁ ግን ከብየዳው ጎን ነጭ ዱቄትና መርፌ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አገኙ። ከዚያ ወዲህ ቀልዳቸው ጠፋ።

መንስኤውን ፍለጋ የብየዳ ቁርጥራጮችን በጨው ውሃ እየነከሩ ፈተሹ። በሚሠሩበት ጋራዥ እንደ ልማዳችን አንድ ብሩሽ ለሁሉም ነበር፤ ብረት የፈተገው ብሩሽ አልሙኒየሙ ላይ የብረት ብናኝ ይተዋል፤ ብየዳው እንዲይዝ የሚነሰነሰው ዱቄት ሳይታጠብ ቀርቶ ሲጨመርበት መገጣጠሚያው ይበላል። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ለአልሙኒየም ብቻ የሚሆን የማይዝግ ብሩሽ በኮታቸው ኪስ መያዝ ጀመሩ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይዘውት ይገቡ ነበር። ተማሪዎቻቸውም ብየዳውን በፍል ውሃ ሳያጥቡ ወደ ቤታቸው አይሄዱም።

የጀልባዋን ቀኝ ጎን ቆርጠው እንደገና በየዱ። ግራውን ሊጀምሩ ሲሉ የኩላሊት ሕመም ጣላቸው። እስኪድኑ ጀልባዋ እንድትቆም ባለቤቶቿን ቢለምኑ፣ የገበያው ወቅት ይለፍ ተባሉ። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ለጀልባ ነጂው ይደውሉ ነበር፤ ተሻግረናል እስኪላቸው ድረስ እህል አይቀምሱም። ፍርሃቱ ወደ ቤተሰቡም ተጋብቷል።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በ63 ዓመታቸው፣ ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ብዙ ተማሪዎችን ትተዋል። እርሳቸውን ያሳረፈ አምላክ ለቀሩት መጽናናትን ይስጥ።

ከማዶ ለለቅሶ የመጣችሁ ወገኖች በዚያችው ጀልባ እንደተሻገራችሁ ሰምተናል። የመጨረሻ ቃላቸው ለእናንተ ነው፦ «ስቀበር ከማዶ የሚመጡ ይኖራሉ። ግራ ጎኗ አልተሠራም። ዞረው በመኪና ይመለሱ በሉልኝ።»

አውቶብስ ከበሩ ላይ ቆሟል። እባካችሁ፣ ማንም ወደ ውሃው አይውረድ።