ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮረብታው ላይ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

«አገርነሽ፣ ልጅሽን የጎዳው መጽሐፍ ነው። አንድ ሳምንት ከልክዪውና እዪ።» ጎረቤታችን ጋሽ ሰቦቃ በአጥር በኩል ለእማዬ ሲነግሯት ሰማሁ። ጋራዥ ያላቸው ሰው ናቸው። ሞተር ፈቶ የሚገጥም ሰው ምክር ሲሰጥ መናቅ አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ አላነብም።

እስከ ማታ የዘይቱን ጀሪካን፣ የሳሙናውን ካርቶንና የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ማብራሪያ አነበብኩ። የጎንዮሽ ጉዳቱን ሁለት ጊዜ። እነዚህ መጽሐፍ አይደሉም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

እማዬን ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ወረፋው ረጅም፣ መጽሐፍ የለኝም… ግድግዳ አነበብኩ። ስለ ክትባት፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ፦ «ዕድሜያችሁ ከ15 እስከ 29 የሆነ። መጨነቅ፣ ከሰው መሸሽ፣ ከአልጋ መነሳት አለመቻል። ስምንት ሳምንት ከባለሙያ ጋር፣ በስልክ፣ በነጻ።» ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የቀረውን እኔን እያየ የጻፈው ይመስላል።

ለራሴም ጽፌው አላውቅም፤ ልጻፈው። ኮተቤ ተምሬ በመምህርነት ተመረቅኩ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ስድሳ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄ አልወጣም። አራት ደቂቃ ያህል ቆሜ ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር።

ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት። እማዬ አየችው። «የማን ልጅ ናት?» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የንባብ እገዳው ዛሬ አለቀ። የመጀመሪያው ጥሪም ዛሬ ነበር። ጋሽ ሰቦቃ ትክክል ነበሩ ማለት ነው?

አማካሪዋ ጥሩብርሃን ትባላለች። የማይቸኩል ድምፅ አላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ብቻዬን የምሆንበት ቦታ እንዳለኝ ነው። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ የግቢው ሽንት ቤት ገባሁ። ለስድስት ቤተሰብ አንድ ነው። ስለ ፍርሃቴ መናገር ከጀመርኩ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጋሽ ሰቦቃ አንኳኩ።

«ልጄ፣ ያንተ የሚቆይ ከሆነ የእኔ አይቆይም።»

ጥሩብርሃን ሰምታ ሳቀች። በሙያዋ የሚፈቀድ አልመሰለኝም ነበር። ለሳምንት ሌላ ቦታ ፈልግ አለችኝ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ተገኘ። ከሰፈራችን ከወሰን በላይ ያለው ኮረብታ። የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ለብቻ የሚጸልዩበት ነው። እያንዳንዱ አንዳንድ ባሕር ዛፍ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ከማይታይ ጋር ጮክ ብሎ ያወራል። ያለቅሳል። እጁን ያወናጭፋል። ማዳመጫዬን ሰክቼ መሃላቸው ገባሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። አርባ ደቂቃ አወራሁ። የዓመቱን ወሬዬን ሁሉ ብደምረው አርባ ደቂቃ አይሞላም።

ጥሩብርሃን የምፈራቸውን ነገሮች ከትንሹ ጀምሬ እስከ አሥር እንድዘረዝር አደረገችኝ። ከታች እየጀመርን እንለማመዳለን። ቁጥር አንድ፦ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት። ቁጥር አሥር፦ ክፍል ገብቶ ማስተማር።

ቁጥር አንድ ገረማት። ነገርኳት… ወሰን የሚወርድ ሌላ ሰው ከሌለ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ካራ ድረስ ሄጄ በእግሬ ነው የምመለሰው። እማዬ ስፖርት ይመስላታል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

«ወራጅ አለ» አልኩ። ሹፌሩ አልሰማም። ረዳቱም። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ሰምተው ደገሙልኝ። ግማሽ ነጥብ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ተሰማ። ቸኩዬ ከወሰን በፊት ላምበረት ላይ ወረድኩ እንጂ። ቀሪውን በእግሬ… በደስታ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

መጥፎ ሳምንት። ሁለት ቀን ከፍራሽ አልተነሳሁም። ምንም አልተፈጠረም፤ ዝም ብሎ መጣ። ለጥሩብርሃን ኮረብታ መውጣት አልችልም አልኳት። «ተኝተህ አውራኝ» አለች። ከመጋረጃው ጀርባ «አዎ» እና «አይ» ብቻ እያልኩ ጨረስን። እማዬ ሽሮ እያማሰለች ሁሉንም ሰማች። በኋላ ማንኪያውን ይዛ መጥታ ጨው በዝቶ እንደሆነ ቅመስ አለችኝ። አልበዛም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ኮተቤ ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተደወለ። የሳይንስ መምህርታቸው ለወሊድ ወጥታለች። ጥር 5 እነሱ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር፣ ካየንህ በኋላ እንወስናለን አሉ። ማመልከቻ አስገብቼ አላውቅም። እማዬ ናት፤ ከነፎቶዬ።

ካለፍኩ ሥራ። ካልሆነ… ሁለት ጊዜ ከክፍል የወጣን መምህር ማን ይጠራል? ቁጥር አሥር ቀጠሮ ይዞ መጣ። እኛ ገና ስድስት ላይ ነን።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

የወጣቶች መሪያችን ሕዝቅኤል ከአምልኮ በኋላ ያዘኝ። «ወንድም ዮፍታሔ፣ በየረቡዕ ኮረብታው ላይ ስታነባ እናይሃለን። ሸክም እንዳለህ ገብቶናል። በሚቀጥለው እሑድ የወጣቶችን ጸሎት ትመራለህ።»

አርባ ወጣት። እምቢ ለማለትም ድምፅ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ሰው ፊት መጸለይ በዝርዝሩ ስምንተኛ ነው። ጥሩብርሃን ተራው ደርሷል አለች። ግን እኮ ማታለል ነው አልኳት፤ የምጸልይ መስሏቸዋል።

«እውነቱን መንገርስ ስንተኛ ነው?»

ዝርዝሩ ላይ የለም አልኳት።

«ጻፈው።»

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ለሕዝቅኤል ነገርኩት። ኮረብታው ላይ በስልክ ከአማካሪ ጋር ነው የማወራው፣ ስለ ጭንቀቴ። ተግሣጽ ጠበቅኩ። ግራ ቀኙን አየ።

«ቁጥሩ አለህ? ለማውቀው አንድ ልጅ ነው።»

ሰጠሁት። ከነገው ጸሎት ግን አልማረኝም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

መራሁ። እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ መንፈስ መስሏቸዋል። «አሜን» ስል ገና ዓይናቸውን እየጨፈኑ የነበሩ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ አጭርነቱን በጣም ወደዱት።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ሳልጠይቃት ስልኬን ከቻርጀሩ ነቅላ ሰጠችኝ። «ሰላም በላት» አለች። የምታውቀው ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ነገ ገና ስለሆነ የመጨረሻው ጥሪ ለዛሬ ተዛወረ። ሕዝቅኤል ሦስት ዛፍ አልፎ ቆሟል፤ ማዳመጫ ሰክቶ። ያ የሚያውቀው ልጅ ብዙ የሚያወራው አለው።

ክፍል ስገባ ድምፄ ባይወጣስ? አልኳት ጥሩብርሃንን። «ቆመህ ጠብቀው። ባለፈው ጊዜ የወጣኸው ሳይመጣ ነው» አለች። ከዚያ አመሰገንኳት… ረጅም ነገር ልናገር አስቤ ነበር። «ወራጅ አለ» አልኳት። ሳቀች። ቢፈቀድም ባይፈቀድም።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

አምስተኛ ክፍል። ሃምሳ ሁለት ልጅ። ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ወንበር ላይ። ርዕሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ የውሃ ዑደት።

ድምፄ አልወጣም።

ቆምኩ። ጠበቅኩት። አሥር ሰከንድ? ግማሽ ደቂቃ? አንዱ አፍንጫውን እየነካካ ያየኛል። ከዚያ «ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?» የሚል ሰማሁ። የእኔ ድምፅ ነው። ሃያ እጅ ወጣ።

እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳሉ። አንዷ ወጥታ ደመናውን ሣለች፤ ሌላው ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን ቀስት ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ አዞረልኝ። ትነት ስል እነሱ ቀድመው ጤዛ ላይ ደርሰዋል። ተሰጥኦ ይኖረኝ ይሆን? ብዬ አሰብኩ፣ በቁም ነገር። ደወል ተደወለ። አላየሁትም ጊዜውን።

ርዕሰ መምህሯ ጨበጡኝ። ልጆቹን በአንድ ክፍለ ጊዜ እዚህ ያደረሰ አላየሁም፣ ነገ ግባ አሉኝ። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ሸሚዜ ጠየቀች።

ስወጣ የክፍል አለቃዋ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገለጥኩት። የውሃ ዑደትን ኅዳር ውስጥ ተምረው ጨርሰዋል፤ ተፈትነውበታልም።